ለማሊንዲው ምሰሶ የታሪክ ሰሌዳ፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ በኬንያ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖች፣

በኬንያ የባሕር ዳርቻ ወዳለችው ማሊንዲ ለመዝናናት የሄደ ሁሉ ከባሕሩ ዳር በቆመው ነጭ ምሰሶ አጠገብ ፎቶግራፍ ሳይነሣ አይመለስም። አናቱ ላይ የድንጋይ መስቀል አለ። ፖርቹጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ ወደ ሕንድ ሲጓዝ ያረፈበት ቦታ ምልክት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። መዋጮ የምንጠይቀው የቀረውን ታሪክ እዚያው ለመጻፍ ነው።

ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1498 ማሊንዲ የደረሰው ሞምባሳ ላይ ጠብ ገጥሞት ነበር። የሞምባሳ ባላንጣ የነበረው የማሊንዲ ሱልጣን ግን ተቀበለው፤ የባሕሩን መንገድ የሚያውቅ መሪም ሰጠው። ነፋሱም አገዘውና በ26 ቀን ሕንድ፣ ካሊከት ገባ። ሲመለስ ነፋሱን ተቃርኖ ሦስት ወር ያህል ተንገላታ፤ ብዙ መርከበኞቹም ድድ በሚያሳብጠው በሽታ አለቁ። በጥር 1499 ማሊንዲ ሲደርስ ሱልጣኑ ለሕመምተኞቹ ብርቱካን ላከ። የድንጋይ ምልክቱ የቆመውም ያኔ፣ በሱልጣኑ ፈቃድ ነው። ከሦስቱ መርከቦች አንዷን የሚነዳት ሰው ስለጠፋ ጥቂት ቆይተው አቃጠሏት። ያ እርዳታ ባይኖር ስንቱ ሊዝበን ይገባ ነበር? የማሊንዲ ሰዎች ውለታ በጉልህ ሊጻፍ ይገባል።

«ለወራሪ ሐውልት እናዋጣ?» ያላችሁን አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው በ1502 ተመልሶ ሲመጣ ከመካ የሚመለሱ ምእመናንን የጫነች መርከብ ከነተሳፋሪዎቿ አቃጥሏል። ይህም ሰሌዳው ላይ ይሰፍራል፤ ካልሰፈረ እኛም አናዋጣም።

እኛን ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር የሚያገናኘን ልጁ ነው። ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ በ1541፣ 400 ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ፤ ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ሆኖ የኢማም አሕመድን ጦር ተዋጋ። በቀጣዩ ዓመት ወፍላ ላይ ተሸነፈ፤ ተማርኮም ተገደለ። የተረፉት ፖርቹጋሎች ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተሰልፈው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋግተዋል። ማሊንዲ ላይ የአባቱን ምሰሶ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ስለ ልጁ በአማርኛ ቢያነብ ምን ይከፋል?

ልንሠራ ያሰብነው በስዋሂሊ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የተጻፈ፣ የባሕር ጨው የማይበላው ሰሌዳ ነው። ገንዘብ ከተረፈ አረፍ የሚባልበት አግዳሚ ወንበር እንጨምራለን። ምሰሶው የቆመበትን የኮራል ድንጋይ ሞገዱ ከሥር እየቦረቦረው መሆኑን እናውቃለን፤ መከላከያ ግንብ መሥራት ግን የመንግሥት እንጂ የእኛ አቅም አይደለም፤ በዚህ ስም ገንዘብ አንሰበስብም።

ቦታውን የሚያስተዳድረው የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተቋም ስለሆነ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ አንድ ችንካር አንመታም። እስከዚያው መዋጮው በማኅበራችን የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ፈቃድ ከተከለከልን ለሰጪው ይመለሳል። ከ500 ሽልንግ ጀምሮ የቻላችሁትን በኤም-ፔሳ ወይም በእጅ ለገንዘብ ያዣችን ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ስማችሁ ሰሌዳው ላይ አይቀረጽም፤ ቦታው ለታሪኩም ጠባብ ነው።

ስዋሂሊ አሳምራችሁ የምትጽፉ፣ ወይም የታሪክ መምህራን የሆናችሁ ወገኖች ረቂቁን ብታርሙልን ከገንዘብም በላይ ትረዱናላችሁ። ለማኅበሩ ጸሐፊ አስታውቁ።