ይድረስ ለወንድሜ፣ ለአዲሱ አፈ ጉባኤ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔም ቤተሰቤም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከተጠፋፋን ዓመታት ሆነን። አንተ በሥራ፣ እኔ በኑሮ ተወጠርን። መሐል ላይ ጦርነቱ ደሴ ድረስ መጣ፤ ስልኩ ተቋረጠ፣ ሰዉም ተበተነ። ዝምታው የቂም እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እንኳን ደስ አለህ! የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነህ መመረጥህን የሰማሁት ሱቄ ውስጥ፣ ከሬዲዮ ነው። ስምህ ሲጠራ የደንበኛዬን መልስ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። “ይሄ እኮ አብሮኝ የተማረ ነው! ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው!” አልኩት። ማታ እናትህ ቤት ሄድኩ። ግቢው ሞልቷል። ቡናው ተፈልቶ፣ እጣኑ እየጨሰ፣ የሰፈሩ እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ዱአ ያደርጉልሃል። እናትህ ነጠላቸውን አጣፍተው “አሜን፣ አሜን” ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ እመቤቴ ትርዳው ብለው ይመርቁሃል። “አደራውን የሚችልበት ትከሻ ይስጠው” አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥልጣንህ አንድም ነገር አላነሱም። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞረው “በቴሌቪዥን ስታየው ከስቷል?” ብቻ ነው ያሉኝ።

ምክር ቤትህን ብዙ ሰው በደንብ አያውቀውም። ሕግ አያወጣም፤ ያ የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው። መደበኛ ስብሰባውም ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚባለው። “ታዲያ ምን ይሠራል?” የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን እሱ ነው። የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነውም እሱ ነው። እዚህ ወረዳ ላይ ጤና ጣቢያ ተሠራ አልተሠራ ስንል፣ ነገሩ ከዚያ ቀመር ጋር ይገናኛል።

በ1996 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የወሰነው የአንዲት ሙስሊም ሴት ጉዳይ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የውርስ ክርክር ነበር። “በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም” ብላ ተቃወመች፤ የሰማት የለም። ይግባኝ እያለች እስከ ሰበር ችሎት ደረሰች፤ እዚያም አልቀናትም። በመጨረሻ በሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በኩል ፌዴሬሽን ምክር ቤት ገባች። ምክር ቤቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያለ ፈቃዷ አትዳኝም ብሎ የተሰጠውን ፍርድ ሻረ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ክብር አለኝ። ክብሬ ግን ወድጄ በመሄዴ ነው። አንዲት ሴት ያን ያህል መንገድ ሄዳ የሚሰማት ማግኘቷ፣ ከየትኛውም የሹመት ዜና በላይ ስለ ወንበርህ የነገረኝ ነገር አለ።

የባቲን ሰኞ ገበያ ታስታውሳለህ? አፋሩ ግመሉን እየነዳ ይመጣል። አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው እዚያው ይገናኛሉ። አንዱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ሌላው በአፋርኛ ይመልሳል፣ ዋጋው በኦሮምኛ ይቆረጣል። እነዚህ ሁሉ ዛሬ አንተ ፊት ወንበር አላቸው። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። (የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ መሆኑ ያሳዝነኛል። ደሴን ብቻ አይቶ ያ ቁጥር ስንት እንዳረጀ መናገር ይቻላል።) ብዙ ወንበር ያለው ድምፁ አይጠፋም። አደራ የምልህ፣ አንድ ወንበር ብቻ ያለው እጁን ሲያወጣ ቶሎ እየው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ከሱቄ አጠገብ ከራያ ተፈናቅለው የመጡ አንድ አባት ሻይ ይሸጣሉ። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ከፍ አድርግልን ይሉኛል። ስለ ወሰን ጉዳይ የተባለ ነገር እንዳለ ለመስማት ነው። የክልሎችን ወሰን የሚመለከተውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 48 አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፦ ክልሎቹ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል፤ የቀረበለትንም ጉዳይ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ይቋጫል። ሁለት ዓመት ለመዝገብ ቤት አጭር ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ለቀሩበት ሰው ግን ዕድሜ ነው። ለማን ይወሰን አልልህም፤ ያን ማስረጃውን አይታችሁ ትፈርዳላችሁ። የምለምንህ መልሱ እንዳይዘገይ ነው። እምቢም ቢሆን በጊዜው ይነገር፤ የተወሰነበት ምክንያት ደግሞ ሰዉ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍለት።

አበጋሮቻችን፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም ሲያደርቁ አብረን አይተናል። ባለጉልበቱም ደካማውም እኩል ይናገራል፤ አንዱ ወገን አኩርፎ ከሄደ ሽማግሌ ተልኮ ይለመናል። አንተም ስብሰባውን እንዲያ ምራው። አጨብጭበው ከሚወጡት ይልቅ አኩርፎ የወጣውን ተከተለው።

ከዚህ ሌላ ጉዳይ የለኝም። ለልጄ ሥራ ፈልግልኝ አልልህም፣ ሌላም እንዲልህ አልፈልግም። እናትህን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪም ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ፣ በዚያ አትጨነቅ። አንተ ግን በጸሐፊ በኩል ሳይሆን ራስህ ደውልላቸው። ለገና የምትመጣ ከሆነ ቀደም ብለህ አሳውቀኝ፣ ሱቁን የሚጠብቅልኝ ሰው ልፈልግ። ስልኬ የድሮው ነው።

ወንድምህ፣
ከደሴ