ከቫይታሚን ኤ ጋር 20 ጥያቄዎች፦ ለኦቲዝም ቅድመ ልየታ የድጋፍ ጥሪ

ልጄ 20 ወር ሲሆነው ሲኒዎቹን ከረከቦቱ ላይ አንድ በአንድ እያነሣ ወለሉ ላይ ይደረድር ነበር። ሁልጊዜ በአንድ መስመር፣ ሁልጊዜ አፋቸው ወደ ታች ተደፍቶ። አንዷን ካነሣሁበት እስክመልስለት ድረስ ያለቅሳል። ከኋላው ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፤ ጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ግን ጆሮውን ይዞ ይሮጣል፤ ስለዚህ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ውሻም ሆነ ጨረቃ በጣቱ ጠቁሞ አሳይቶኝ አያውቅም። ውኃ ሲጠማው ዓይኔን ሳያይ እጄን ይዞ ወደ ጆጉ ይጎትተኛል።

ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ተናግሬአለሁም። አማቴ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ጠበል እንዳስጠምቀው መከሩኝ፤ አስጠመቅሁት፤ ዛሬም እወስደዋለሁ። የወሰድኩበት ሐኪም ቤት ደግሞ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ይጠብቁ» ብሎ መለሰኝ። ጠበቅሁ። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ስለ ልጄ የሰማሁት አምስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል ነው። አሁን 9 ዓመቱ ነው፤ ሲጠማው የውኃ ሥዕል ያለበትን ካርድ አንሥቶ ይሰጠኛል። ያንን ለመልመድ የፈጀበት ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ሳይጀመር የባከነውን ጊዜ ሳስብ እስከ አሁን እንቅልፍ ይነሣኛል።

እዚህ አዲስ አበባ የተሰባሰብን ወላጆች የምናወራው ሁሉ ተመሳሳይ ነው፤ እናት ቀድማ አይታለች፣ የሚጠይቃት ግን አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄውን እናት ወደምትመጣበት ቦታ ልንወስደው ተነሥተናል።

ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 30 ወር ለሆኑ ሕጻናት የተዘጋጀ፣ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 20 ጥያቄ የልየታ መጠይቅ አለ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ከ2 በላይ አሳሳቢ መልስ ከተገኘ ሁለተኛ ዙር ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ በቀጥታ ወደ ባለሙያ ይላካል። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ በ18 እና በ24 ወር እያንዳንዱ ልጅ እንዲታይ ይመክራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል። እንክብሉ ተቀዶ አፋቸው ውስጥ በሚጨመቅበት በዚያው ቀን እናት ታብሌት ተሰጥቷት ጥያቄዎቹን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ በድምፅ ትሰማለች፤ ማንበብ አይጠበቅባትም። በጣት መጠቆም ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም ይኖረዋል። ነጥቡን ታብሌቱ ይደምራል፤ ቀጣዩን እርምጃ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትወስዳለች። (ከክትባት ክፍሉ አጠገብ መሆናችን ማንንም አያስጨንቅ፤ ክትባት ኦቲዝምን አያመጣም።)

ከዚህ የረቀቀም አለ። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ 475 ሕጻናት አጫጭር ፊልሞችን ሲያዩ የታብሌቱ ካሜራ ዕይታቸውን፣ የፊታቸውን እንቅስቃሴና ስማቸው ሲጠራ መዞራቸውን ተከታትሏል። ኦቲዝም ካለባቸው 100 ልጆች 88 ያህሉን የሚለይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን የተፈተነው በእነርሱ ልጆች ላይ ነው፤ 12ቱም ያመልጡታል። እኛ ሳይፈተን በልጆቻችን ላይ አንጭነውም። የማንንም ልጅ ምስል አንቀርጽም፤ መልሶቹም ከጤና ጣቢያው አይወጡም።

ልየታ ብቻውን ግን ምርመራ አይደለም፤ የሚያስከትለው ነገር ከሌለ ደግሞ ለእናት ጭንቀት ብቻ ነው የሚተርፋት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ወዲህ በር የሚከፍቱ ጥቂት ማዕከላት አሉን፤ ለሁሉም ግን አይዳረሱም። ስለዚህ ከበጀታችን ትልቁን ድርሻ የመደብነው ወላጆች ቤታቸው ውስጥ በጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ ልጃቸውን እንዲያግዙ ለሚያሠለጥን ባለሙያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ የሚሆን የአሳዳጊዎች ሥልጠና አለው፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል።

ለ3 ጤና ጣቢያዎች 6 ታብሌቶች ከነሽፋናቸው 150,000 ብር፣ ድምፅና ቪዲዮ ለማዘጋጀትና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ለማሠልጠን 90,000 ብር፣ ለወላጆች አሠልጣኝ የአንድ ዓመት ክፍያ 240,000 ብር፤ በድምሩ 480,000 ብር ያስፈልገናል። ከኪሳችን አዋጥተን፣ በዕቁብ ያገኘነውንም ጨምረን 130,000 ብር ይዘናል። የቀረን 350,000 ብር ነው። መቶ ብርም ብትሆን በደረሰኝ እንቀበላለን፤ ወጪውን በየወሩ ለሰጪዎች ሁሉ እናሳውቃለን።

በውጭ አገር ያላችሁ፣ የማትጠቀሙበት ግን በደንብ የሚሠራ ታብሌት ካለ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላኩልን። ከሁሉ በላይ የቸገረን ደግሞ አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚናገር የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት በቪዲዮ ከወላጆች ጋር ልትቀመጡ የምትችሉ ካላችሁ፣ የኢትዮጵያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁላችንም ይመቸናል፤ ልጆቹን የሚይዙልን አያቶች ያን ጊዜ ቤት ናቸው።