ወንድሜ መንገድ ሲሻገር አልሞተም

ይድረስ ለትውልድ ከተማዬ ፖሊስ ኮሚሽነር

ክቡር ኮሚሽነር፣

ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል። ሦስቱም ላይ የገቢ ማህተም አለ። መልስ ግን የለም። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ።

ታናሽ ወንድሜ ትራፊክ ፖሊስ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መብራት በጠፋበት መስቀለኛ መንገድ መኪና ሲያስተናብር ሲኖትራክ ገጨው። አንፀባራቂ ሰደርያውን ለብሶ፣ ፊሽካውን ይዞ ነበር። እዚያ እንዲቆም የመደባችሁት እናንተ ናችሁ። ማህደሩ ላይ የተጻፈው ግን «በመኪና አደጋ ሕይወቱ አልፏል» የሚል ነው። «በግዳጅ ላይ» የሚል ነገር የለበትም።

ሁለት ቃል ናት የጎደለችው። የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1267/2014ን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሠራተኛው በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሞተ ለተተኪዎቹ አበል ይሰጣል፤ ስንት ዓመት አገለገለ አይባልም። በሌላ ምክንያት ከሆነ ግን 10 ዓመት ይጠየቃል። ወንድሜ ያገለገለው 8 ዓመት ነው። ሚስቱን አንዴ ዳረጎት ሰጥታችሁ ሸኛችኋት። ሁለት ልጆች አሏት። ትንሿ አባቷን የምታውቀው በፎቶ ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ ሚስቱ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ቢሮ ሄዳ አንድ ኃላፊ «እሱ እኮ በጥይት አልሞተም» አላት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። መንገድ ላይ ቁም ተብሎ የቆመ ሰው ነው እኮ! ቢሸሽ ይተርፍ ነበር።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ጁዲሺያሪ ስኩዌር የሚባል ቦታ በግዳጅ ላይ የሞቱ ፖሊሶች ስም የተቀረጸበት ግንብ አለ። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከ20 ሺህ በላይ ስም አለበት። በየዓመቱ ሜይ 13 ማታ ሻማ ይለኮስና የአዲሶቹ ስም ይነበባል። መኪና ሲያስተናብሩ የተገጩትም በጥይት ከወደቁት ጋር እዚያው ተጽፈዋል። ዘንድሮ ሻማ ይዤ ቆሜ፣ የወንድሜን ስም ለብቻዬ ጠራሁት።

ግንብ ሥሩልን አላልኩም። ማህደሩ ይስተካከል፣ ልጆቹም የሚገባቸውን ያግኙ። ሁለት ባልደረቦቹ ያዩትን ጽፈው ፈርመውልናል። የዚያን ቀን የስምሪት መዝገብም ጣቢያው ውስጥ አለ። እባክዎ ያስመጡትና በዓይንዎ ይዩት። ስሙ፣ ማዕረጉ፣ የቆመበት መስቀለኛ መንገድ፣ የገባበት ሰዓት ተጽፏል። የወጣበት ሰዓት ባዶ ነው።

ታላቅ እህቱ