ለወረዳችን የዱር እንስሳት ጉዳይ ኃላፊ፦ ነብሯ ሁለት ቀን ጠበቀችዎት

ይድረስ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ መዝገብ ቤትዎ ገቢ ሆነዋል። ቅጂዎቹ ከነማኅተማቸው እጄ ላይ አሉ። መልስ ግን የለም። መጀመሪያ «ወደሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልኩ። ሁለተኛ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ጸሐፊዎ «አባባ፣ ለአንድ አውሬ ብለው ለምን ይንከራተታሉ?» አለችኝ። ልጅቷን አልተቀየምኳትም። ቢሮው ውስጥ የሚታሰበውን ነው የነገረችኝ። ስለዚህ ይህን አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ጻፍኩት።

የሆነውን ልድገምልዎ።

ባለፈው ጥቅምት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። የጎረቤቴ ልጅ ከብት ሊያሰማራ ወጥቶ እየሮጠ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ነብሯን ሽቦ ይዟታል!» አለኝ። ቦታው መናገሻ ሱባ ደን ጫፍ ላይ ነው፤ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ። ሄድኩ። የሞተር ሳይክል ፍሬን ገመድ ወገቧ ላይ ጠብቆ ከጽድ ግንድ ጋር አስሯታል። መሬቱን ቧጥጣ ቧጥጣ ሥሩን አውጥታዋለች። ስታየን አጓራች። ከዚያ አቅም አጣችና ተጋደመች። ያኔ ሆዷን አየሁት። አግታ ነበር። የምታጠባቸው ልጆች አሏት።

ወጥመዱ ለእሷ የተጠመደ አይደለም። ከርከሮ ድንቹን ሲጨርስበት ገበሬው ያጠምዳል። ድኩላ ለሥጋ የሚያጠምድም አለ። ሽቦ ደግሞ አይመርጥም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሬ ደወልኩ። የቢሮው ስልክ አይነሳም። የእርስዎ የእጅ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ተረኛው የተገኘው ቀትር ላይ ነው። «ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ መኪናም የለም። ሰኞ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፈው ይምጡ» አለኝ። እሺ፣ ማደንዘዣ ያለው ባለሙያ ጥሩልን አልኩት። «እሱም በደብዳቤ ነው» አለ።

ሆለታ አጠገብ እንሰሳኮቴ የሚባል የዱር እንስሳት ማገገሚያ አለ። ከሕገ ወጥ ሰዎች እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች የሚጠለሉበት ነው። ከእኛ ብዙ አይርቅም። የዚህን ሥራ ባሕርይ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አቅጣጫ አለ ማለት ነው። ይጠየቅልን ብዬ ለመንኩ። የሚፈርም ሰው ጠፋ።

እሁድ ሰው ተሰበሰበ። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባታል። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ስንከላከል ዋልን። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ መጣ። «ልገላግላት» አለ። እኔ ነኝ የከለከልኩት። ሕግ አለ፣ ይመጣሉ አልኩት። ሌሊት የሚያባንነኝ ይኼ ነው። እሁድ ማታ ሞተች።

ሰኞ መኪናው ተገኘ። ሦስት ሰዎች ከቢሮዎ መጡ። ቆዳዋን ገፈው፣ አስፈርመው ወሰዱ። ለሕይወቷ የጠፋው መኪና ለቆዳዋ ሲገኝ በዓይኔ አየሁ። «ልጆች አሏት፣ ደኑ ውስጥ እንፈልጋቸው» ብዬ ጮህኩ። አንደኛው «እነሱ ራሳቸውን ይችላሉ» አለኝ። አይችሉም። የነብር ግልገሎች ከዓመት በላይ ከእናታቸው አይለዩም። የሚጠባ ግልገል ብቻውን አንድ ሳምንት አያድርም። የዱር እንስሳት ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ እንዴት ይቀጠራል?

አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል ወንጀል ነው። ቆዳውን ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። ጥሩ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ገበሬው ቢገድላት ይጠየቅ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እየተነገረው ዝም ያለው ቢሮ ማን ይጠይቀዋል?

ከእኔ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ስድስት ፍየል ነበራቸው። ባለፈው ክረምት ነብር ሁለቱን በላባቸው። ካሣ የከፈላቸው የለም፣ አይዞዎት ብሎ የመጣም የለም። መርዝ ሊያስቀምጡ ሲሉ ለምኜ ያስተውኳቸው እኔ ነኝ። «እማማ፣ ነብር የአገር ሀብት ነው፣ ቢሮው ይደርስልዎታል» አልኳቸው። ነብር በሌሊት ስለሚያድን በረቱን ከላይም እንዲሸፍኑት አገዝኳቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ፍየል አልጠፋባቸውም። የነብሯን ሬሳ ሊያዩ መጥተው «ቢሮ ያልከኝ ይኸው ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገ ሌላ ሰው መርዝ ቢያነሳ ምን ብዬ ነው የምለምነው?

ነብር እንደ ድሮው በየጫካው የሞላ እንዳይመስልዎ። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ጥናት ነብር በዓለም ላይ ከነበረው መኖሪያ እስከ 75 በመቶ ማጣቱን አሳይቷል። በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብም ለመጥፋት ከተጋለጡት ጋር ተጽፏል። እዚህ እኛ ጋ ደግሞ ደኑ ደሴት ሆኗል። በአንድ በኩል አዲስ አበባ እየገፋ ይመጣል፣ በሌላው እርሻ። ይህ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ አባቶቻችን ይነግሩናል። ያን ሁሉ ዘመን አልፎ እኛ ጋ የደረሰ ደን ነው። ውስጡ አንዲት እናት ነብር ስትሞት ቀላል ነገር አይደለም። በየስንት ጊዜው ነው ሌላ የምትገኘው?

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ የሚነሳ አንድ ስልክ። ባለሙያ የሚያስጠራ፣ አስቀድሞ የተፈረመ ደብዳቤ በተረኛው እጅ ይቀመጥ። ጥበቃዎቹ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ሆነው ሽቦ ይልቀሙ፤ ወጣቶቹን እኔ አሰባስባለሁ፣ ተነጋግረናል። ቆዳዋ የት እንደገባም በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ስትወሰድ በምስክርነት ፈርሜያለሁና መብቴ ነው።

ሽቦውን ግን አልወሰዱትም። ሰዎችዎ ጥለውት ሄዱ። ማስረጃ ነው ብዬ አንስቼ ጓዳዬ ሰቀልኩት። ማን አጠመደው ብሎ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ጠጉሯ አሁንም ቋጠሮው ላይ አለ።