ስለ አንቺም ጦርነት የወጣው ጽሑፍ መታረም አለበት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ራስ ጉግሣ ወሌ ከመንግሥት ጦር ጋር ስለተዋጉበት ስለ አንቺም ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእኛ አገር ታሪክ በጋዜጣ ሲነሳ ብርቅ ነውና መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደግሜ ሳነበው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ከቀኑ ልጀምር። ጸሐፊው ራስ ጉግሣ ወሌና ንግሥት ዘውዲቱ በአንድ ቀን እንዳለፉ አድርጎ አቅርቧል። ራስ ጉግሣ የሞቱበት ውጊያ የተደረገው ሰኞ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ያረፉት ረቡዕ መጋቢት 24 ነው። ቀድሞም ታመው ነበር። የቀድሞ ባላቸው ሞት ከእርሳቸው ሞት ጋር ስለተቀራረበ በየቤቱ አንድ ሆኖ ቢወራ አይገርምም፤ በጋዜጣ ሲታተም ግን ልጆቻችን እንደዚያው ይዘውት ይቀራሉ።

አባቴን የወለዱት አያቴ አባባ ያን ቀን በቁጥር አያውቁትም ነበር። «የገብር ኄር ማግስት» ነበር የሚሉት፤ ገብር ኄር የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ነው። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነውን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ካህን ጠይቄ አስቆጠርኩት። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለዋለ ገብር ኄር እሑድ መጋቢት 21 ነበር። አባባ አልተሳሳቱም። ይህን የማነሳው ሠራዊቱ የተዋጋው በሁዳዴ መሆኑን ማንም ስለማይጽፍ ነው። በሶ በጥብጦ፣ ቆሎ ቆርጥሞ፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የዋለ ሰው ነው ሜዳው ላይ የወደቀው።

አባባ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጠመንጃ አልያዙም፤ የአጎታቸውን ስንቅ የጫነች በቅሎ እየነዱ ከጋይንት ተከትለው ሄዱ። ጽሑፋችሁ እነዚህን ሰዎች በጅምላ «ሽፍቶች» ይላቸዋል። ራስ ጉግሣ የበጌምድር ገዢ ነበሩ፤ ገዢው ክተት ሲል ባላገር ምን ምርጫ ነበረው? በአዲስ አበባ በንግሥቲቱና በንጉሥ ተፈሪ (በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ) መካከል ያለውን የሥልጣን ነገር፣ ራስ ጉግሣ የራያና የአዘቦን አመፅ እንዲያበርዱ ታዘው ለምን እንደተጠረጠሩ፣ የአባባ አጎት ከየት ሰምተው ያውቁታል? ጌታቸው ሲከት ከተቱ፤ ይኸው ነው። በወዲያኛው ወገን የጦር ሚኒስትሩን ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙን ተከትሎ የመጣውም ገበሬ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ጽሑፉ «ጦርነቱን ያሸነፈው አውሮፕላን ነው» ብሎ ይደመድማል። እርግጥ ነው፣ አውሮፕላን ኢትዮጵያ የገባው በነሐሴ 1921 ነውና ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ቦምብም ጥሏል፣ ሰውም ከብትም አስደንግጧል። ከቦምቡ በፊት የጣለው ወረቀት ግን በአንድ መስመር ብቻ ታልፏል። አባባ ሌላውን ሁሉ እየረሱ እንኳ ያን አልረሱትም ነበር።

ወረቀቱ ሲወርድ መጀመሪያ ማንም አልነካውም። ኋላ አንድ መሪጌታ አንስተው ጮክ ብለው አነበቡት። ራስ ጉግሣን የተከተለ የተገዘተ ይሁን የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። አጠገባቸው ቆሞ የነበረ ጎልማሳ ዝናሩን ፈታ፣ ጠቅልሎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፣ ቁጭ አለ። «ምን ሆንክ?» ያለው አልነበረም። ሲነጋ ዝናሩ እዚያው ድንጋይ ላይ አለ፣ ሰውየው የለም። አባባ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ዝናሩን የሚጠቀልሉ ያህል እጃቸውን ያዞሩ ነበር። ስለ አሸናፊና ተሸናፊ ግን አንድ ቀን አውርተው አያውቁም፤ «ተበተንን» ነበር ቃላቸው። አጎታቸው አልተመለሱም። በቅሎዋን ብቻቸውን ነድተው ገቡ።

እንግዲህ ግዝት ፈርቶ ትጥቁን የፈታን ሰው ሽፍታ ማለት ይከብደኛል። ራሱን ያመነ ሽፍታ ግዝት ሲነበብለት መንገዱን አይለውጥም።

አዘጋጁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቀኑ በሚቀጥለው እትም ይታረም። ሁለተኛው ስለዚያ ወረቀት ነው። አባባ አንዱን አራት አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ በእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሶ፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ነበር። ሲያርፉ ዳዊቱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ዓመት ሳይሞላ ሄጄ ማኅደሩን ባስከፍት ወረቀቱ የለም። በጋይንት፣ በዋድላ፣ በደላንታ፣ በደሴም ቢሆን በአያቱ ዳዊት ወይም በእናቱ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ሰው ካለ፣ ፎቶ አንስቶ ለጋዜጣው ቢልክና እናንተም ሙሉ ቃሉን ብታትሙት ትልቅ ውለታ ነው። አባባ በጆሯቸው የሰሙትን እኔ በዓይኔ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ጡረተኛ መምህርት፣
ከደብረ ታቦር