ለወንድሜ፣ ከባሕር ዳር

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ከረምህ? ልጆቹስ? ጠፋህ እንዳልልህ እኔም ጠፍቻለሁ፤ ይለፈን። ማርቆስ ሄጄ እናትህን አይቻቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደኅና ናቸው። «ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣ?» አሉኝ። መልሱን ለአንተ ትቼዋለሁ።

የጻፍሁልህ ግን ለሥራ ጉዳይ ነው። አንድ የደጀን ሰው ላንድክሩዘር ይዞ መጣ። ሞተሩ ያው የምታውቀው ዋን ኤች ዜድ ነው፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ጭኖ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ይደክምበታል። ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ላይ ስትደርስ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ቢያቃስት አይፈረድበትም። ሰውየው ቱርቦውን ገዝቶ፣ በፌስታል አንጠልጥሎ «ግጠምልኝ» አለ። «መጀመሪያ ብሎኩን ልየው» ስለው ፊቱ ተቀየረ። ደንበኛ ገንዘብ የሚያወጣው ለሚታየው ነገር ነው።

ስንፈታው ብሎኩ ውስጥ ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች ተበልተው ሞላልተዋል። ስፋታቸው 94 ሚሊሜትር የነበረውን ወደ 94.5 ማውጣት ግድ ነው። ማስፋቱ አያስቸግርም፤ ጣጣው ሆኒንጉ፣ ግድግዳውን በድንጋይ ማለስለሱ ላይ ነው። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲታሰር ቡሎኖቹ የብሎኩን ብረት ይስቡታል። ክብ አድርገህ የጨረስኸው ቀዳዳ ክብነቱን ያጣል። እናንተ ጋ፣ ለእነዚያ አሸዋ ተራራ ለሚወጡት ፓትሮል መኪኖች፣ በቴስታታው ፋንታ ወፍራም ብረት በቡሎን ጠርቃችሁ፣ እንደተጠረቀ ሆኒንግ እንደምትሠሩ ነግረኸኝ ነበር። እዚህ እንዲያ የሚሠራ አላየሁም። ለተራ ሞተር ሳይደረግም ይሄዳል። ቱርቦ ሲጨመር ግን ፒስቶኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ፋሻው፣ ግድግዳውን ባልነካበት ሁሉ ጋዙ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

የፋሻው ጫፍ ክፍተትም አለ። ሙቀቱ ሲበዛ ፋሻው ይረዝማል። ሁለቱ ጫፎች ከተጋጩ መላወሻ ያጣል፤ ግድግዳውን ይፍቃል፤ ፒስቶኑንም ይሰብራል። ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ልተውለት አስቤያለሁ። በፒስቶኑና በግድግዳው መሃል የሚቀረውን ግን ከአንተ አልቀዳም። የእናንተ ፒስቶን ፎርጅድ፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ሲሞቅ የበለጠ ያብጣል፤ ሰፋ አድርጋችሁ ትተዉለታላችሁ። የእኔ የፋብሪካው ዓይነት ነው። በዚያ ልክ ብተውለት ሲንኳኳ ይውላል።

ደግሞ አየሩን ከ22 ለ1 በላይ የሚጨምቅ ሞተር ነው። የቱርቦውን ግፊት ካበዛሁበት ቴስታታው ይሰነጠቃል። ትንሽ ብቻ እንደምሰጠው ነግሬዋለሁ። ስለ ሺህ ፈረስ ጉልበት ቪዲዮ አይቶ ኖሮ ቅር አለው። ይበለው።

አሁን የምፈልገው ምክርህን ነው። በቴስታታው ፋንታ የሚታሰረውን ብረት እዚሁ ቶርኖ ቤት አስቆርጣለሁ። ውፍረቱ ስንት ይሁን? ቴስታታው ከብረቱ ስለሚወፍር፣ ቡሎኑ ብሎኩ ውስጥ እኩል ጠልቆ እንዲይዝ በምን ታስተካክሉታላችሁ? በብሎኩና በብረቱ መሃል ማሸጊያውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ታደርጋላችሁ ወይስ ብረት በብረት ነው? ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘህም ደቃቅ የሆኒንግ ድንጋይ ላክልኝ፤ እዚህ ያለው ሻካራው ብቻ ነው። ዋጋውን ጻፍልኝ።

ሰውየው ጠዋት ማታ እየደወለ ነው፤ ቶሎ መልስልኝ።

ወንድምህ