ለወሎ ተማሪ ስልክ የሚበጀው ሶፍትዌር የቱ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የቨርቹዋል ክፍል ሶፍትዌሮችን ያወዳደረው ጽሑፍ ዙምንና ጎግል ሚትን ከፊት አሰልፎ በቪዲዮ ጥራታቸው ነጥብ ሰጥቷቸዋል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ በዋይፋይ ለሚማር ሰው ፍርዱ ያስኬዳል። ወግዲ፣ ደላንታ ወይም ላስታ ሆኖ 2 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ ለሚከታተል የርቀት ተማሪ ግን ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ ኔትወርኩ መሀል ላይ ሲጠፋ ቡድኑ የሠራው ሥራ ምን ይሆናል? በ2015 ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የሚያስታውስ ሰው ይህን የቅንጦት ጥያቄ አይለውም።

መጀመሪያ ዳታውን እናስላ። የዙም የራሱ መመሪያ ለድምፅ ብቻ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት፣ ጥራት ላለው የቡድን ቪዲዮ ደግሞ 600 ኪሎቢት ያህል እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ትምህርት በድምፅ ቢበዛ 36 ሜጋባይት፣ በቪዲዮ 270 ሜጋባይት ይወስዳል ማለት ነው፤ ይህም የሚቀበሉት ብቻ ነው፣ ተማሪው የራሱን ካሜራ ከከፈተ ይጨምራል። በወር 16 ሰዓት ለሚማር ሰው ልዩነቱ በ576 ሜጋባይትና በ4.3 ጊጋባይት መካከል ነው። የፓኬጅ ዋጋ የሚያውቅ አንባቢ ቀሪውን ራሱ ያሰላዋል። ካሜራ ይዘጋ፣ ስላይዱ በፒዲኤፍ ቀድሞ ይላክ፣ በቀጥታ የሚተላለፈው ድምፅ ብቻ ይሁን።

የነጻ አገልግሎት ገደቡም ይታወቅ። ዙም በነጻ 40 ደቂቃ፣ ጎግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲገባ 60 ደቂቃ ይፈቅዳሉ፤ ሁለቱም እስከ 100 ሰው ይይዛሉ። 40 ደቂቃ አንድ ክፍለ ጊዜ ይመስላል፤ ተማሪው ገብቶ «ይሰማል? አይሰማም?» ሲባል ግን አሥሩ ይሄዳል። ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድኖች የመከፋፈያው መሣሪያ በዙም በነጻም አለ፣ በሚት ግን ለሚከፍል ብቻ ነው።

ቴሌግራም ሁሉም እጅ ላይ ስላለ አስተማሪዎች ወደሱ ማዘንበላቸው አይገርምም። እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ይልካል፣ ግሩፑንም በርዕስ ከፋፍሎ ለየቡድኑ አንዳንድ ርዕስ መስጠት ይቻላል። ሦስት ነገር ካልተስተካከለ ግን ይጎዳል። አንደኛ፣ ስልኩ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ ያወርዳል፤ «ዳታና ማከማቻ» በሚለው ማስተካከያ በሞባይል ዳታ ማውረዱ ይጥፋ። ሁለተኛ፣ ኩዊዝ ሲዘጋጅ የመላሹ ማንነት እንዲደበቅ ተደርጎ ይመጣል፤ አስተማሪው ያንን ካላነሳው ማን ምን እንደመለሰ አያይም። ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፦ የስልክ ቁጥር። ቁጥሩን «ማንም አያየውም» ላይ ያላደረገች ተማሪ ቁጥሯ ለማታውቀው ሰው ሊታይ ይችላል። ግሩፑ ከመከፈቱ በፊት ይህን ማስተካከል ግዴታ ይሁን። ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ የቡድን ሥራ በጨዋታና በሰላምታ መልእክት መሀል ስለሚሰጥም ለማስታወቂያ እንጂ ለግምገማ አይሆንም።

እኛ የምንመርጠው ሙድል የተባለውን የመማሪያ ሶፍትዌር ከስልክ አፑ ጋር ነው። ተማሪው ኔትወርክ ባለበት ቦታ የኮርሱን ይዘት አውርዶ ቤቱ ያነባል፣ በውይይት መድረኩ ላይ የጻፈው መልስ ስልኩ ላይ ይቆይና መስመር ሲገኝ ይላካል። ኩዊዝም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ተቋም ይሰናከላል። ኩዊዙ ኦፍላይን እንዲሠራ በማስተካከያው መፈቀድ አለበት፤ የጊዜ ገደብ ሊኖረው አይገባም፤ መልሱ የሚታየውም ሁሉም ጥያቄ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መሆን አለበት። አስተማሪው 30 ደቂቃ ብሎ ሰዓት ካስገባበት አፑ ኦፍላይን አያስከፍትም፣ ተማሪውም «ተበላሽቷል» ይላል። የሠራውን ሳይልክ አፑን ከስልኩ ያጠፋ ደግሞ ልፋቱ ጠፋ።

የቡድን አሳይመንት ላይ አንድ ምልክት ብዙ ጠብ ያስነሳል። «ሁሉም አባላት ማስገባት አለባቸው» የሚለው ከበራ፣ ከአምስቱ አንዱ መስመር ካጣ የሁሉም ሥራ ረቂቅ ሆኖ ይቀራል። ያጥፉት። (የ1 ለ 5 አደረጃጀት ስሙ ቢሰለችም ቁጥሩ ለስልክ ክፉ አይደለም፤ አሥር ሰው በድምፅ ሲወያይ ሁለቱ ብቻ ያወራሉ።)

ለቀጥታ ትምህርት ቢግብሉበተን የተባለው የቨርቹዋል ክፍል ሶፍትዌር ከሙድል 4.0 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ ተማሪው ሌላ አፕ ሳይጭን በስልኩ ብራውዘር ይገባል፣ የጋራ ማስታወሻና ነጭ ሰሌዳም አለው። ነጭ ሰሌዳውን ሁሉም እንዲጽፍበት አስተማሪው መፍቀድ አለበት፤ በጣት መጻፍ ስለሚያደክም ግን ማስታወሻው ይሻላል። የቡድን ክፍል ሲከፈት በአዲስ ገጽ ስለሚመጣ ተማሪው ድምፁን እንደገና ማገናኘት አለበት፤ ይህ ካልተነገረው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቢግብሉበተን የሚጫንበት ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) 8 ኮር ያለው ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። የግቢው ፋየርዎል (የኔትወርክ ጥበቃ) ድምፅ የሚያልፍባቸውን ከ16384 እስከ 32768 ያሉ የዩዲፒ ፖርቶች (የኔትወርክ በሮች) ከዘጋ ተማሪው ይገባል፣ ድምፅ ግን አይሰማም፤ «ሶፍትዌሩ አይሠራም» የሚለው ቅሬታ ከዚህም ሊነሳ ይችላል። በድሮዎቹ ዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የግዕዝ ፊደላት የተሠራ ስላይድም ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ ከመጫኑ በፊት ፊደሉን ይዞ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየር።

ኢንተርኔት ጨርሶ በሌለበት ወረዳ ሙድልን የያዘው ሙድልቦክስ አለ፤ ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የራሱን ዋይፋይ ያሰራጫል፣ ስልኮች ያለ ዳታ ይገናኙታል። ራስበሪ ፓይ 4 ከሆነ 5 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ባንክ ያስፈልገዋል፤ መብራት ድንገት ሲሄድ የማስታወሻ ካርዱ ሊበላሽ ይችላልና።

ለፈቃድ ክፍያ ሊፈርም ያሰበ ተቋም አስቀድሞ ይህን ይሞክር፦ ርካሽ አምስት ስልክ ይዞ አንድ ቡድን ያቋቁም፣ ሥራው መሀል ሲደርስ ሁለቱን ስልኮች ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርግ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ ያገናኛቸው፣ የጻፉት ሰርቨሩ ላይ መግባቱን ይይ። ካልገባ ገንዘቡን ይያዝ።

የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች
ከደሴ